በር ሁለት ወገን አለው

ከምናባዊ ልቦለዶች መካከል አንድ የታወቀ ዘር አለ። ታሪኩ የሚጀምረው ሁላችንም በምናውቃት ተራ ዓለም ነው፤ ቤት፣ ጎረቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ዝናብ። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ያልታሰበ በር ይከፈታል። በሩ የልብስ ቁም ሣጥን፣ የጥንቸል ጉድጓድ ወይም ዐውሎ ነፋስ ሊሆን ይችላል። በዚያ ያለፈ ሰው ሌላ ሰማይና ሌላ ሕግ ካለበት አገር ይደርሳል። ሉዊስ ካሮል እ.ኤ.አ. በ1865 አሊስን ወደ ጉድጓድ አወረዳት፤ ፍራንክ ባውም እ.ኤ.አ. በ1900 ዶሮቲን በዐውሎ ነፋስ ወደ ኦዝ ወሰዳት፤ ሲ. ኤስ. ሉዊስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950 አራት ሕፃናትን በቁም ሣጥን በኩል ወደ ናርንያ አሳለፈ። እኔ ይህን ዓይነቱን ጽሑፍ «የበር ልቦለድ» እያልሁ እጠራዋለሁ።

ስሙ አዲስ ቢሆንም ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ተረት ነጋሪዋ «ተረት ተረት» ስትል ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ካልመለሱላት አትጀምርም። እርሷ ታንኳኳለች፣ እነርሱ ይከፍታሉ። ሲያበቃም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ትላለች። አባቶቻችንና እናቶቻችን ለተረት መግቢያ ብቻ ሳይሆን መውጫም አበጅተውለታል፤ የገባ ይወጣል፣ የወሰደ ይመልሳል፣ ለነጋሪዋም ዋጋዋ ይከፈላል። የበር ልቦለድን ብዙ ጊዜ አንብቤ የደረስሁበት ሐሳብም ከዚህ የራቀ አይደለም። የዚህ ልቦለድ ውበቱ መግቢያው ላይ ነው፤ ሚዛኑ ግን መውጫው ላይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ውበቱ ልናገር። የምኖረው ሐራ ነው፤ በወልድያና በመርሳ አካባቢ፣ የወሎ ደጋ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ሞቃት ስፍራ። ከቀትር በኋላ ገበያው ጸጥ ሲል፣ ሰዉም ጥላ ፍለጋ ሲበተን፣ እኔ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀምጬ በናርንያ በረዶ ሲወርድ አነብባለሁ። ላቤን እየጠረግሁ ብርድ ይሰማኛል። ይህን ሊያደርግልኝ የሚችል ሌላ ነገር በአካባቢዬ የለም።

የበር ልቦለድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማርከን በፍትሐዊነቱ ነው። በሩ ዘመድ አይጠይቅም፤ ገንዘብ አይቆጥርም፤ ፓስፖርት አያይም። ብዙ ጊዜም የሚከፈተው ቤተ ሰቡ ልብ ላላለው፣ ከታላላቆቹ ኋላ ለሚከተል ልጅ ነው። ወደ ናርንያ አስቀድማ የገባችው ከአራቱ ታናሽ የሆነችው ሉሲ ናት፤ ተመልሳ ስትናገርም የሚያምናት አላገኘችም። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እየተባለ ላደገ አንባቢ ይህ ትልቅ ካሣ ነው። ትንሿ ልጅ ያየችው እውነት ሆኖ፣ ትልልቆቹ ደግሞ ተሳስተው ሲገኙ ማንበብ ደስ ያሰኛል።

እንዲህ ያለውን ንባብ ሽሽት ነው የሚሉ አሉ። ጄ. አር. አር. ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1939 ባሰማውና ኋላ አስፍቶ ባሳተመው ንግግሩ ለዚህ መልስ ሰጥቷል፤ እስረኛ ከእስር ቤት ማምለጡን ወታደር ከጦር ሜዳ ከመክዳቱ ጋር አናምታታው ሲል ተሟግቷል። ክርክሩን እቀበላለሁ። በጠበበ ቤት ያለ ሰው መስኮት ቢመኝ አይነቀፍም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ያመለጠው ሰው ምን ይዞ ይመለሳል? ከኋላው የቀሩትስ እነማን ናቸው?

በእኛው ጥንታዊ ጽሑፎች ውስጥ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አለ። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ነው፤ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ወደ አውሮፓ ሲመለስ ቅጂዎቹን ይዞ ሄዷል። በዚያ መጽሐፍ ሄኖክ የሰማይን በሮች ያያል፤ ፀሐይ የምትወጣባቸው 6 በሮች በምሥራቅ፣ የምትገባባቸው 6 በሮች በምዕራብ። ነገር ግን እዚያው አይቀርም። ወደ ቤቱ ተመልሶ ከልጆቹ ጋር አንድ ዓመት እንዲቆይ ይፈቀድለታል፤ ያየውንም ጽፎ ለልጁ ለማቱሳላ ያስረክባል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከእኛው ከሰሜን ወሎ ነው። ገድለ ላሊበላ እንደሚተርከው፣ ላሊበላ ገና ሳይነግሥ መርዝ ጠጥቶ እንደ ሙት በተኛባቸው ሦስት ቀናት መላእክት ወደ ሰማይ አወጡት፤ ከአለት የታነጹ አብያተ ክርስቲያናትንም አሳዩት። ከዚያም ተመልሶ ያየውን በምድር እንዲሠራ ታዘዘ። የበር ታሪክ ማለት ይህ ነው። ይሁን እንጂ ላሊበላ ከማዶ ያመጣው ወርቅ ወይም አስማተኛ ሰይፍ አይደለም፤ ልክና መጠን ነው። ቀሪው የመሮና የመዶሻ ሥራ ነው። ቀን ሰዎች፣ ሌሊት መላእክት ጠረቡት የሚለው ትውፊትም ቢሆን የቀኑን ሸክም ከሰው ጫንቃ አላወረደም። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ዛሬም ቆመው ይታያሉ። ገድሉን በሃይማኖት የሚቀበለውም፣ እንደ ሥነ ጽሑፍ የሚያነበውም በአንድ ነገር ሊስማሙ ይችላሉ፤ ይህ ሰው ወደ ማዶ ተሻግሮ ባዶ እጁን አልተመለሰም።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ። የደካማ የበር ልቦለድ የመጀመሪያ በሽታ ከበሩ ማዶ ያሉትን ሰዎች አለማየት ነው። የማዶው ሕዝብ ለዘመናት ትንቢት ይዞ አንድ የትምህርት ቤት ልጅ እስኪመጣ ይጠብቃል። ልጁ ሲደርስ ይሰግዱለታል፣ ታሪካቸውን ባጭሩ ይነግሩታል፣ ሰይፍ ያስታጥቁታል። የራሳቸው ጠብ፣ የራሳቸው ዕዳ፣ የራሳቸው ሠርግ የላቸውም። ፋራ ሜንድልሰን የተባለች የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ጠባይ በሚገባ ተንትናዋለች፤ እንግዳው አገሩን ስለማያውቅ የነገሩትን ሁሉ አምኖ ይቀበላል፣ አንባቢውም ከእርሱ ጋር አብሮ ያምናል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ጉድለት ከሌላው አንባቢ ፈጥነን ልናየው ይገባል፤ ለብዙ ዘመን ከሌሎች በር ማዶ ኖረናልና። ከ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ አውሮፓ «ፕሬስተር ጆን» የሚሉት ካህንም ንጉሥም የሆነ ሰው፣ በሩቅ ምሥራቅ በተአምራት የተሞላ አገር እንደሚገዛ ታምን ነበር። ከጊዜ በኋላ ያ አገር ኢትዮጵያ ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1441 የኢትዮጵያ መነኮሳት በፍሎረንስ ጉባኤ ሲቀርቡ፣ ሊቃውንቱ ንጉሣቸውን በዚሁ ስም እየደጋገሙ ሲጠሩባቸው ተደናገሩ። ንጉሣቸው የራሱ ስም ነበረው፤ ዘርዓ ያዕቆብ። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1520 ገብቶ ስድስት ዓመት በአገራችን ቆየ፤ ዐፄ ልብነ ድንግልን በዓይኑ አየ፤ ላሊበላንም ጎበኘ። ያም ሆኖ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1540 ሲታተም በርእሱ ላይ የሰፈረው አገር የፕሬስተር ጆን ነው። በሩ ተከፍቶ፣ ተገብቶ፣ ተኖሮም እንኳ ከበሩ በፊት የነበረው ሕልም አሸነፈ ማለት ነው።

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 የጻፈው «ራስላስ» ከዚህ የተሻለ ነገር አድርጓል። ጆንሰን ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም፤ ሎቦ የተባለው ኢየሱሳዊ ስለ አገራችን የጻፈውን የጉዞ መጽሐፍ ግን ቀደም ብሎ ተርጉሞ ነበር። በልቦለዱ የንጉሥ ልጆች በአማራ ምድር፣ በተራሮች በተከበበ «የደስታ ሸለቆ» ውስጥ ተዘግተው ይኖራሉ። ከዚህ ሐሳብ ጀርባ ከሐራ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በአምባሰል ያለችው ግሸን አለች፤ ዘውድ እንዳይሻሙ መሳፍንት የታሰሩባት አምባ። እውነተኛዎቹ እስረኞች የሸለቆውን ደስታ አላዩም፤ በዚህ ጆንሰን እንደ ሌሎቹ ሕልም አልሟል። ቢሆንም በሩን ከውስጥ ለማየት ሞክሯል። የእርሱ ጀግና ከማዶ የመጣ እንግዳ ሳይሆን የማዶው ተወላጅ ነው፤ ተራራውን በስቶ የሚወጣውም ወደ እኛ ሳይሆን ከእኛ ነው። መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ሲመልሰው ደግሞ ታሪኩ እንደገና በበሩ በኩል ወደ ቤቱ ገባ። አንድ ወሎዬ «ራስላስ»ን በአማርኛ ሲያነብ የሚሰማውን ስሜት አንድ የለንደን አንባቢ የሚያገኘው አይመስለኝም።

ሁለተኛው የበር ልቦለድ በሽታ ጊዜን ይመለከታል። በናርንያ አራቱ ልጆች ነግሠው፣ አድገው፣ ለብዙ ዓመት ገዝተው ሲመለሱ፣ በወጡበት ቤት አንዲት ደቂቃ እንኳ አላለፈችም። ማንም አልናፈቃቸውም፤ ማንም አላለቀሰም። ለሕፃን አንባቢ ይህ ርኅራኄ ነው፤ እናቱ ሳትጨነቅ ሄዶ መምጣት ይችላል። በዚህ መንገድ ግን ትልቁ ዋጋ ከሒሳቡ ወጥቷል።

ጥንታውያኑ ይህን ዋጋ አልደበቁም። በተረፈ ባሮክ የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን የአቤሜሌክን ታሪክ እናስታውስ። ነቢዩ ኤርምያስ በለስ እንዲለቅም ይልከዋል። አቤሜሌክ ከፀሐዩ ሽሽት ከዛፍ ጥላ ሥር ጥቂት አረፍ ይልና እንቅልፍ ይወስደዋል። ሲነቃ ጥቂት የተኛ ይመስለዋል፤ በቅርጫቱ ያለው በለስም ገና ትኩስ ነው። ወደ ኢየሩሳሌም ሲገባ ግን ከተማዋን አያውቃትም፤ ከሚያውቃቸው ሰዎች አንድም አያገኝ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ሕዝቡ ወደ ባቢሎን ከተማረከ 66 ዓመት እንደሆነው ይነግረዋል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በሱረቱል ካህፍ በዋሻ ስለተኙት ወጣቶች ይሰማሉ፤ ያንቀላፉት አንድ ቀን ወይም የቀን ክፋይ መስሏቸው፣ ምግብ እንዲገዛ አንዱን ብር አስይዘው ወደ ከተማ ይልኩታል፤ ያለፈው ግን ከ300 ዓመት በላይ ነበር። በአንድ መንደር ዓርብ ይህን፣ እሑድ ያን እየሰማን አድገናል። በእጅ ያለው በለስ ትኩስ ነው፤ ከተማዋ ግን ያለ እኛ አርጅታለች።

ይህ የመጻሕፍት ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባበቃሁ። በእኛ አካባቢ ግን በር ምሳሌ አይደለም። አንድ ወጣት «ልወጣ ነው» ሲል የት ብሎ የሚጠይቀው የለም። የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመንም ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ መሆኑ የታወቀ ነው። ሰው የሚሰደደው ልቦለድ አንብቦ አይደለም፤ መሬቱ ጠብቦበት፣ ዝናቡ ቀርቶበት፣ ሥራ አጥቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ጦርነቱ ራሱ ደጃችን ድረስ መጥቷል። ይሁን እንጂ ጉዞው የሚነገርበት አነጋገር የበር ልቦለድ አነጋገር ነው። ደላላው የሚተርከው መነሻውንና መድረሻውን ነው፤ በመካከል ያለውን በረሃና ባሕር በአንድ ዐረፍተ ነገር ይዘለዋል። በትረካው ከማዶ ያሉ ሰዎች እንግዳውን ለማበልጸግ ይጠባበቃሉ፤ ጊዜም እዚህ ቆሞ ይጠብቃል።

እውነቱ ሌላ መሆኑን እናውቃለን። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተባረው ተመልሰዋል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል ብሏል፤ የሳዑዲ መንግሥት ግን አስተባብሏል። ከሞት የተረፈውም ቢሆን የአቤሜሌክ ዕጣ አይቀርለትም። አንድ ጎረቤቴ ሰባት ዓመት ቆይቶ ሲመለስ፣ የጡት ልጅ ሆና የተዋት ሴት ልጁ «ጋሼ ይግቡ» ብላ እንደ እንግዳ ተቀበለችው። «እዚያ ሳለሁ የማስባት እንደተውኋት አድርጌ ነበር» አለኝ። ቅርጫቱ ውስጥ ያለው በለስ ትኩስ ነበር። ከዚያ ወዲህ የናርንያን የመጨረሻ ገጽ ሳነብ ያች የጠፋች ደቂቃ ትከነክነኛለች።

ይህን ሁሉ አውቆ የጻፈ የዘመናችን ደራሲ አለ። ፓኪስታናዊው ሞህሲን ሐሚድ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው «ኤግዚት ዌስት» በተሰኘ ልቦለዱ፣ በጦርነት በምትናጥ ከተማ የሚኖሩ ናዲያና ሳዒድ የተባሉ ወጣቶች ድንገት በሚከፈቱ ጥቋቁር በሮች ወደ ግሪክ ደሴት፣ ከዚያም ወደ ለንደን ይሻገራሉ። ሐሚድ በረሃውንና ባሕሩን ቢዘልልም ከበሩ ሁለት ወገን ያሉትን ሰዎች አይዘልልም። የሳዒድ አባት አልሄድም ብለው በቤታቸው ይቀራሉ፤ ልጃቸውም ዳግመኛ እንደማያያቸው እያወቀ ይለያቸዋል። በለንደንም የአገሬው ሰው የራሱ ፍርሃትና ቁጣ አለው። ልቦለዱን ወድጄዋለሁ። ነገር ግን ከሐራ ሆኖ ለሚያነብ አንድ ነገር ይጎድለዋል። በእኛ ዘንድ መንገዱ ራሱ ታሪኩ ነው፤ በአንድ እርምጃ የሚታለፍ በር ብዙ መቃብር ይሸፍናል።

እንግዲህ የበር ልቦለድን እናስወግድ ወይ? በፍጹም። ልጆች በሩን ይፈልጉታል፤ እኔም እፈልገዋለሁ። ሐራ ራሷም በር እንድትሆን ታስባ ነበር። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር ሐዲድ ሥራ በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ከዚህ ደግሞ ወደ መቀሌ እንዲቀጥል ታቀደ። ተራሮች ተበሱ፣ ድልድዮች ተዘረጉ። ከዚያ የገንዘቡ እጥረትና ጦርነቱ ተደራርበው ሥራው ከታሰበለት ጊዜ እጅግ ዘገየ። ባቡር ሲጠብቁ ያደጉ ልጆች ስለ ዋሻው ምናብ ቢያመጡ አይገርምም። መጻፍ ከሚሞክሩት ተማሪዎች መካከል ታሪኩን በባቡር ዋሻ የሚጀምር ብዙ ነው፤ ከወዲህ ይገባሉ፣ ከወዲያ ሌላ ዓለም ይቆያቸዋል።

ጽሑፋቸውን ሲያሳዩኝ የምጠይቃቸው ጥቂት ነው። ከዋሻው ማዶ ያሉት ሰዎች አንተ ሳትመጣ በፊት ትናንት ምን ሲሠሩ ዋሉ? ከመካከላቸው በመምጣትህ የተከፋ ሰው የለም? ስትመለስ ምን ይዘህ መጣህ? እዚህስ ስንት ቀን አለፈ?

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በዋሻው አልፋ ንግሥት ስለሆነች ልጅ ጽፋ ነበር። ልጅቱ በሄደችበት ወራት ውኃ ማን ይቀዳ እንደነበር ጠየቅኋት። ዝም አለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ጽሑፍ ይዛ መጣች። ንግሥቲቱ አለች፤ ዙፋኑም አለ። ነገር ግን በየምዕራፉ መካከል አንድ አጭር ገጽ ገብቷል። እናቲቱ ጄሪካን ይዛ ወደ ቦኖ ስትሄድ፣ ለሰው «ልጄ ዘመድ ጥየቃ ሄዳ ነው» ስትል፣ ማታ ደግሞ በሩን ሳትቀረቅር ስትተኛ። ልጅቱ ስትመለስ ምን እንደሚሆን ገና አልጻፈችውም። እንዴት እንደምትጨርሰው እየቸገራት እንደሆነ ነገረችኝ፤ እኔም አትቸኩዪ አልኋት።